የአቶ እንግዳወርቅ ግራናይት

ኪዳኔን የሚያውቅ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘው ዓይኑን መሬት ላይ አያሳርፍም። ካሳረፈ ኪዳኔም አብሮት ያያል፤ ካየ ደግሞ አንድ ጠጠር አያጣም፤ ጠጠር ካገኘ የዚያ ሰው ከሰዓት በኋላ አለቀ ማለት ነው። አገር ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጂኦሎጂስት ነበር። ዲቪ ደርሶት ከመጣ ወዲህ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የወጥ ቤት ካውንተር የሚሆን ድንጋይ የሚሸጥ መጋዘን ገብቶ ድንጋይ ይቆርጣል፣ ያለሰልሳል፣ ሰሚ ካገኘም ያስረዳል። ችግሩ ሰሚ የለም። ሚስቱ አበባ እንኳ በጫጉላቸው ሰሞን ሶደሬ ወስዷት፣ ፍል ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሲያስረዳት ሲያስረዳት፣ «ውሃው ራሱ ሰልችቶት ቀዘቀዘ» ትላለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ድንጋይ ሲነሳ እሷም ትነሳለች።

በ2014 ግንቦት ውስጥ በአንድ እሑድ ግን አበባ አልተነሳችም። በሩ ላይ ቆማ የባሏን ክራባት ጨበጠች።

«ኪዳኔ፣ እስቲ ማልልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«እዚያ ቤት ስለ ድንጋይ አንዲት ቃል ላትተነፍስ።»

«እንዴ አበባ! እኔ እኮ ለሽምግልና ነው የምሄደው።»

«የእህቴ ልጅ ክርስትና ላይም ለክርስትና ነበር የሄድከው። ገንዳው እብነ በረድ አይደለም፣ ሲሚንቶ ነው ብሎ ከቄሱ ጋር የተከራከረው ማነው? ልጁ ራቁቱን ሲንቀጠቀጥ?»

ኪዳኔ ገንዳው በእርግጥም ሲሚንቶ እንደነበር ሊያነሳ አስቦ ተወው። «እሺ፤ እኔ ልሙት...»

«በራስህ አትማል፤ በራስህ ስትምል ትዋሻለህ። በማሙሽ ማል።»

እዚህ ላይ ኪዳኔ ደነገጠ። ማሙሽ መጋዘኑ ውስጥ ፎርክሊፍት የሚነዳ የሠላሳ አንድ ዓመት ወጣት ነው። ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ቀን አንድ የተሰበረ ድንጋይ አንስቶ፣ «ጋሼ፣ ይሄ የሚያብለጨልጨው ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀው። ኪዳኔ ጆሮውን ማመን አቃተው። በአሜሪካ በቆየባቸው አሥራ አራት ዓመታት ማንም በገዛ ፈቃዱ እንዲህ ብሎ ጠይቆት አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ምሳቸውን አብረው ይበላሉ፤ ኪዳኔ ያወራል፣ ማሙሽ ያዳምጣል፣ አንዳንዴም ናፕኪን ላይ ይጽፋል። ይህ ልጅ በአምስት ዓመት ውስጥ የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽማግሌ እንዲሆንለት። ጥርሱን ሊያስነቅል ሲልቨር ስፕሪንግ ሄዶ፣ ክሊኒኩ ውስጥ የምትሠራ ስሂን የምትባል ልጅ ወደደ። ስሂንም ወደደችው፤ ነገር ግን «ያለ አባቴ ፈቃድ አላገባም» አለች። አባቷ አቶ እንግዳወርቅ ደግሞ አንዴ እምቢ ካሉ ምድር ብትገለበጥ ቃላቸውን የማይመልሱ ሰው ናቸው። ስለዚህ ያለው ዕድል አንድ ነው፤ እሱም ዛሬ ነው።

«ማሙሽ ይሙት፣ ስለ ድንጋይ አልናገርም» አለ ኪዳኔ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ጎሽ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» አለችና ክራባቱን ለቀቀችለት።

ሽማግሌዎቹ ሦስት መሆን ነበረባቸው፤ ሦስተኛው ሺፍት መጣበትና ቀረ። የቀሩት ኪዳኔና ከሊፋ ናቸው። ከሊፋ ኤርፖርት ታክሲ የሚነዳ፣ ነገር የሚያውቅ የወሎ ሰው ነው፤ ሁለት የተጣሉ ሰዎች ታክሲው ውስጥ ከገቡ ታርቀው ይወርዳሉ ይባልለታል። ለዛሬው ቀን ነጭ ጋቢ ደርቧል፣ ከዘራም ይዟል። እግሩን አያመውም፤ ከዘራው ለነገር ማሳመሪያ ነው።

«አንተ እንዲያው ራስህን ብቻ ነቅንቅ» አለው በቤልትዌዩ አውራ ጎዳና ላይ ሲነዱ። «ንግግሩን ለእኔ ተወው። መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም፣ እህል ውሃም አንቀምስም። ቁጭ በሉ ካሉን ልጅቷን ሰጡን ማለት ነው። ደኅና ዋሉ ካሉን ደግሞ በዚሁ ቀረ።»

ኪዳኔ ራሱን ነቀነቀ። ነቅናቂነቱ ለክፉ አይሰጥም ነበር።

የአቶ እንግዳወርቅ ቤት በሩ እንደተከፈተ ግን የኪዳኔ ልብ ቀጥ አለች። ሳሎኑና ወጥ ቤቱ አንድ ላይ የተከፈተ ነው፤ በመካከላቸው አራት ሰው የሚያስተኛ አንድ ትልቅ ካውንተር ተዘርግቷል። አረንጓዴ ነው። ጥልቅ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ በላዩ ነጫጭ ጅማቶች እንደ መረብ የተሳሰሩበት።

ድንጋዩን ያውቀዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ መጋዘኑ ውስጥ ቆሞ ጠዋት ጠዋት ሲገባ በእጁ ዳበስ የሚያደርገው ድንጋይ ነው። ከዚያም በፊት ያውቀዋል። በወጣትነቱ በስኮላርሺፕ ኢጣልያ ተልኮ፣ አልፕስ ተራራ ላይ ሁለት በጋ መዶሻ ይዞ ሲንከራተት፣ ይኸው ድንጋይ የሚወጣበትን ገደል በካርታ ያሰፈረው እሱ ራሱ ነው። ሲመለስ ሻንጣው ድንጋይ ብቻ ሆኖ ቦሌ ላይ ፈታሹ፣ «ወርቁ የቱ ጋ ነው?» ብሎ አንድ ሰዓት አቁሞታል። አሌክሳንድሪያ መጋዘን ውስጥ ድንጋዩን ዳግም ባየው ቀን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። አንድ ማክሰኞ በእረፍቱ ቀን ተሸጦ ሲያጣው ደግሞ ምሳ አልበላም። ማሙሽ ብቻ ነበር ምክንያቱ የገባው።

«ማሙሽ ይሙት» አለ ኪዳኔ በልቡ፣ ዓይኑንም ወደ ኮርኒሱ ሰቀለ።

አቶ እንግዳወርቅ ሙሉ ልብስ ለብሰው ካውንተሩን በሁለት እጃቸው ተደግፈው ቆመዋል። ሚስታቸው ወይዘሮ ስመኝ ከወዲያ በኩል ለሻይ ሎሚ ይቆርጣሉ። ስሂን ደረጃው ላይ ቆማ የስልኳን ሽፋን ታወልቃለች፣ መልሳ ታለብሳለች።

ከሊፋ ከዘራውን አስደግፎ ጉሮሮውን ጠረገ። «አቶ እንግዳወርቅ፣ ወይዘሮ ስመኝ፣ ከደጃችሁ የቆምነው ለበጎ ነው። ልጃችንን ልጅ አድርጉልን ልንል ነው የመጣነው። መልሳችሁን ሳንሰማ አንቀመጥም፣ ከቤታችሁም አንዳች አንቀምስም።»

«መልካም። የማን ልጅ ነው?»

ከሊፋ ስለ ማሙሽ አሳምሮ ተናገረ። ሠራተኛ ነው፣ አይጠጣም፣ ደሴ ያሳደገችውን አክስቱን ይረዳል። ኪዳኔ በየአረፍተ ነገሩ ራሱን ነቀነቀ።

«ዘሩስ?» አሉ አቶ እንግዳወርቅ። «እስከ ሰባት ቤት ይቆጠርልኝ።»

ክፉው ጥያቄ ይህ ነበር። ማሙሽ ወላጆቹን በጨቅላነቱ አጥቷል። አክስቱ የምታውቀው እስከ አባቱ አያት ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የነገረው የለም።

«ሦስት ቤት በርግጠኝነት እንቆጥራለን» አለ ከሊፋ። «የቀረውን አላህ ያውቀዋል።»

«ሦስት! እኔ እኮ ሦስት አላልኩም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው የሚባለው። ይሄን ግራናይት ታያላችሁ?» ካውንተሩን በመዳፋቸው ጠፈጠፉት። «ኪችናችንን ሪሞደል ስናደርግ ይሄን ስገዛ፣ ዝም ብዬ አላነሳሁም። የት ተወለደ? ከየት መጣ? ወረቀቱን አምጡ አልኩ። ግራናይት ነው፣ የብራዚል ነው፣ ተብሎ ተጽፎ ተሰጠኝ። ለድንጋይ ዘሩን የጠየቅኩ ሰው ለልጄ ባል አልጠይቅም?»

የኪዳኔ ጆሮ ጋለ። ብራዚል! ራሱን ሊነቀንቅ ሞከረ፤ አንገቱ እምቢ አለው።

«ዘሩ የታወቀ ነገር አያሳፍርም» ቀጠሉ አቶ እንግዳወርቅ። «ግራናይት ስለሆነ የጋለ ድስት ብታስቀምጥበት፣ ሎሚ ብታፈስበት ምንም አይለውም። ይሄ እዚህም እዚያም ያለው የደበዘዘ ነጠብጣብ የግራናይቱ ጥፋት አይደለም፤ የስመኝ ርካሽ ሳሙና ነው። ዓመት ሙሉ ለመንኳት። ይኸው፣ እዩ!» አሉና ከሚስታቸው መክተፊያ ላይ ግማሽ ሎሚ አንስተው፣ የተቆረጠውን ፊቱን ወደ ታች አድርገው፣ ነጩ ጅማት ላይ አስቀመጡት።

ወይዘሮ ስመኝ አንገታቸውን ደፉ። ከሊፋ ስለ አክስቲቱ ደግነት አዲስ ወሬ ጀመረ። ኪዳኔ ግን ከዚህ በኋላ የሰማው ነገር የለም። የሚያየው ሎሚውን ብቻ ነው። ነጩ ጅማት ከኖራ ድንጋይ ወገን ነው፤ ሎሚ ይበላዋል። አሁን በዚህች ቅጽበት እየበላው ነው። አንድ ደቂቃ። ማሙሽ ይሙት። ሁለት ደቂቃ። ከሎሚው ጠርዝ ሥር አንዲት ደቃቃ አረፋ ብቅ አለች። ወይ አምላኬ!

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ የኪዳኔስ ያመለጠው እጁ ነው። አቶ እንግዳወርቅ «ዘር ማለት እንግዲህ...» እያሉ ሳለ ዘሎ ሎሚውን አፈፍ አደረገ፣ በክራባቱ ጫፍ ድንጋዩን ጠረገ፣ ሎሚውንም የሚያደርግበት ቢያጣ ኮት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

የሁሉም ዓይን ኪሱ ላይ አረፈ።

«ከቤታችን አንዳች አንቀምስም አላላችሁም?» አሉ አቶ እንግዳወርቅ ቀስ ብለው።

«አልቀመሰም» አለ ከሊፋ። «ያዘ እንጂ።»

«ኪሱ ከተተው እኮ! ልጄን ሳልሰጥ ሎሚዬን ወሰደ! ይሄ ምን ዓይነት ሽምግልና ነው?»

ከሊፋ ዓይኑን ጨፈነ። ስሂን ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ኪዳኔ በልቡ፣ ልጁን አጠፋሁት፣ አለቀለት፣ በእኔ በአንዱ ጅል አለቀለት፣ አለ።

«ይናገሩ እንጂ! ሎሚውን ለምን ወሰዱ?»

ውሸት አያውቅበትም። «ድንጋዩን ይጎዳዋል» አለ።

«ግራናይትን ሎሚ?»

«አቶ እንግዳወርቅ፣ ይማሩኝ፤ ግራናይት አይደለም። ብራዚልም አልተወለደ። የባሕር ወለል ነው።»

ከሊፋ ከዘራው ላይ በእርግጥም ተደገፈ። ኪዳኔ ግን አንዴ ጀምሯል። «ከመቶ ስልሳ ሚሊዮን ዓመት በፊት በአውሮፓና በአፍሪካ መካከል ባሕር ተከፈተ። የምድር የውስጥ አካል ተገልጦ የባሕሩ ወለል ሆነ። ውሃ ገባበትና ወደዚህ አረንጓዴ ተለወጠ። ተሰነጣጠቀም፤ ስንጥቁን ደግሞ ባሕሩ ነጩን ሞላበት። ኦፊዮላይት ይባላል፤ ትርጉሙም የእ...» ወይዘሮ ስመኝን አየና እባብ የሚለውን ቃል ዋጠው። «ትርጉሙ ይቅር። ኋላ ባሕሩ ይዘጋ ጀመር። ከሊፋ፣ ጋቢህን ስጠኝ።»

«ጋቢዬን?»

መልስ ሳይጠብቅ ገፈፈው። የሽማግሌው ግርማ በአንድ ጊዜ ረገፈ፤ ከሊፋ የኤርፖርት ታክሲ አርማ ያለበት ቲሸርት ለብሶ ቀረ። ኪዳኔ ጋቢውን ካውንተሩ ላይ፣ ከሻይ ዕቃው ጨርቅ አጠገብ አነጠፈው።

«ጨርቁ አውሮፓ ነው። ጋቢው የባሕር ወለል። አሁን ከደቡብ ግፊት መጣ።» በሁለት እጁ ገፋ። ጋቢው ገሚሱ ከጨርቁ ሥር ገባ፤ የቀረው እየተሸበሸበ ጨርቁ ላይ ወጥቶ ተጋደመ። «አብዛኛው ወለል ወደ ታች ሰምጦ ጠፋ። ጥቂቱ ግን ተልጦ፣ ተገፍቶ፣ ዘመዱ ባልሆነ ድንጋይ ላይ ወጣ። እንዲህ ከቦታው ተነቅሎ ሌላው ላይ የተጋደመ ድርብ ናፕ ይባላል። ዛሬ አልፕስ ላይ ሦስት ሺህ ሜትር ወጥተው ቢቆሙ የቆሙት ባሕር ወለል ላይ ነው። በዚህ እግሬ ሄጄበታለሁ። ይሄ ድንጋይ ከዚያ ነው የመጣው፤ መጋዘናችን ሁለት ዓመት ቆሟል። ሻጩ አላወቀም እንጂ እኔ አውቀዋለሁ።»

አቶ እንግዳወርቅ ጋቢውን ትኩር ብለው አዩት። «ማነው የገፋው?»

«አፍሪካ።»

«የእኛዋ አፍሪካ?»

«ሌላ አለ እንዴ? ግንባር ግንባሯን አስቀድማ።»

«አፍሪካ አውሮፓን ገፍታ ተራራ አወጣች?» ሊስቁ ቃጣቸው፤ ወዲያው ግን ትዝ አላቸው። «ታዲያ ግራናይት አይደለማ!»

«አይደለም» አለ ኪዳኔ፤ ቃሉ ሲወጣ ጥርሱ የተነቀለ ያህል አመመው።

ወይዘሮ ስመኝ ቢላዋውን አስቀመጡ። «ነጠብጣቡስ?» አሉ። በዚያ ቀን የመጀመሪያ ቃላቸው ነው።

«የሎሚ ነው።»

«የሳሙና አይደለም?»

«ሳሙና ምን ያደርገዋል!»

ወይዘሮ ስመኝ ወደ ባላቸው ዞሩ። «እንግዳወርቅ፣ ዓመት ሙሉ! እንግዳ በመጣ ቁጥር የስመኝ ሳሙና፣ የስመኝ ሳሙና! ሦስት ዓይነት ሳሙና ለወጥኩ። አራተኛውን ከስፕሪንግፊልድ ድረስ ሄጄ አመጣሁ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሎሚ የምትደፋበት አንተ!»

«ኦ ማይ ጋድ፣ ዳድ» አለች ስሂን።

«ወረቀቱ እኮ ግራናይት ይላል...»

«ወረቀቱ ዋሸህ። ዘሩን ሳታውቅ ከቤትህ አግብተኸው ዓመት ተቀመጠ። በል፣ ነገ ይውጣ!»

«ማነው የሚያወጣው!» አቶ እንግዳወርቅ ካውንተሩን በክንዳቸው ከለሉት። «የእኔ ድንጋይ ነው። ወድጄዋለሁ።»

«ታዲያ ልጄም ወዳለች። ልጁ ሦስት ቤት ይቆጥራል፤ ከድንጋይህ በሦስት ይበልጣል።»

አቶ እንግዳወርቅ ካውንተሩን በመዳፋቸው ዳበሱት፤ ልክ ኪዳኔ መጋዘን ውስጥ ጠዋት ጠዋት እንደሚዳብሰው አድርገው። ከሊፋ አንድ ምሳሌያዊ አነጋገር ሊጨምር አፉን ከፍቶ፣ ቲሸርቱ ትዝ ብሎት ዘጋው።

«ልጁ» አሉ አቶ እንግዳወርቅ በመጨረሻ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ይሄን ድንጋይ ያውቀዋል?»

«በፎርክሊፍት ከመኪና ያወረደው እሱ ነው» አለ ኪዳኔ። «አንዲት ጥግ ሳይነካ። ተሸጦ ያዘንኩለት ዕለትም እሱ ብቻ ነው ያጽናናኝ።» ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ። «አቶ እንግዳወርቅ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እሱን አይቅጡብኝ። ነጠብጣቡን ቅዳሜ ማሽን ይዤ መጥቼ አለሰልሰዋለሁ፤ እንደ አዲስ ይሆናል።»

አቶ እንግዳወርቅ የጋቢውን ሽብሽብ በጣታቸው ገፋ አደረጉት። ከአፍሪካ በኩል ነው የገፉት።

«ባሕሩ ተዘጋ አሉ» አሉ። «እሺ። ከዚያ ሥር የገባውስ? ሰምጦ ቀረ ወይስ ተመልሶ ይወጣል?»

ኪዳኔ ደነገጠ። በሕይወቱ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሁለተኛ ሰው ነው። «ረጅም ነው» አለ።

«እንግዲያው ቁጭ ይበሉና ይንገሩኝ።»

ከሊፋ ከዘራውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። «ይቅርታ፣ አቶ እንግዳወርቅ፣ ቁጭ ይበሉ አሉ?»

«አዎ፣ ቁጭ በሉ አልኩ!» አሉ ፊታቸው ቀልቶ። «ሁለታችሁም ቁጭ በሉ። የሽምግልና ወጉን እኔ የማላውቀው መሰላችሁ? ስመኝ፣ የሚቀመስ አምጪ። ሎሚ ግን አይቅረብ።»

የወይዘሮ ስመኝ እልልታ የጎረቤቶቹን ፈረንጆች ውሻ አስነሳ። ስሂን ስልኳን ይዛ ወደ ላይ ሮጠች፤ ለማን እንደምትደውል መጠየቅ አላስፈለገም። ከሊፋ ጋቢውን ከአልፕስ ላይ አንስቶ መልሶ ለበሰና መረቀ። ኪዳኔ ደግሞ ተቀምጦ፣ የሰመጠው ድንጋይ ወዴት እንደሄደ አንድ ሰዓት ከሩብ አስረዳ።

ማታ ቤቱ ሲገባ አበባ በሩ ላይ ጠበቀችው። ፊቱን አየች፣ ክራባቱን አየች፣ ከዚያ ኮቱን ልትሰቅል ተቀበለችውና ኪሱ ውስጥ እጇ እርጥብ ነገር ነካ። ግማሽ ሎሚ አወጣች።

«ኪዳኔ» አለች። «ስለ ድንጋይ ተናገርክ?»

«ተናገርኩ።»

«ማሙሽ ይሙት ብለህ አልነበር?»

«ብዬ ነበር።»

«ታዲያ?»

«አልሞተም» አለ ኪዳኔ ጫማውን እየፈታ። «ሊያገባ ነው።»